ዘረ መልን የሚያርመው መቀስ በብርሃን ሲታዘዝ፦ ጉዳዩ ለናይሮቢ ምኗ ነው?

እአአ በ1953 በጊዜያዊነት ናይሮቢ ይኖሩ የነበሩ 30 የሉኦ ተወላጆች በአንድ ሙከራ ላይ እንዲሳተፉ ተጠየቁ። የተጠየቁት ቀላል ነገር አልነበረም። የወባ ተውሳክ ሆን ተብሎ ወደ ሰውነታቸው እንዲገባ መፍቀድ ነበረባቸው። ከመካከላቸው 15ቱ ሲክል ሴል ለተባለው የደም ሕመም ምክንያት የሆነውን ዘረ መል ከአንደኛው ወላጃቸው የወረሱ ሲሆኑ፣ የተቀሩት 15ቱ ደግሞ ዘረ መሉ የሌለባቸው ነበሩ።

ውጤቱ አጠራጣሪ አልነበረም። ዘረ መሉ ከሌለባቸው ሰዎች መካከል 14ቱ በወባ ተያዙ። ከተሸከሙት ውስጥ ግን ተውሳኩ ደማቸው ላይ የታየው ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሙከራውን የመሩት አንቶኒ አሊሰን ደቡብ አፍሪካ ተወልደው ኬንያ ውስጥ ያደጉ ሐኪም ሲሆኑ፣ ግኝታቸውን በተከታዩ ዓመት በብሪትሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ አሳተሙ። ፈቃደኞች በወባ እንዲያዙ ተደርጎ የሚካሄዱ ጥናቶች ዛሬም ኬንያ ውስጥ አሉ፤ ነገር ግን ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታና በጽሑፍ ከሰፈረ ስምምነት ውጭ አይታሰቡም።

አሊሰን ጥርጣሬው ያደረባቸው ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ወደ ኬንያ ተራራ ባቀኑበት ወቅት ነበር። የልዩ ልዩ ማኅበረሰቦችን ደም ናሙና ሲመረምሩ ወባ በሚበረታባቸው ቆላማ አካባቢዎች፣ ማለትም በባሕር ጠረፉና በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ፣ ዘረ መሉ ከ20 እስከ 30 በመቶ በሚሆነው ሰው ላይ ተገኘ። በደጋው ግን ከአንድ በመቶ በታች ነበር። የደጋና የቆላ ልዩነት በሰብልና በአለባበስ ብቻ ሳይሆን በደም ውስጥም ተጽፎ ተገኘ ማለት ነው።

ከአንድ ወላጅ ሲወረስ ከወባ የሚያስጥለው ይህ ዘረ መል ከሁለቱም ወላጆች ሲመጣ ግን ጠላት ይሆናል። ለሄሞግሎቢን መሠሪያ የሚሆነው መመሪያ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ተለውጣለች። በዚህች ፊደል የተነሳ ክብና ተጣጣፊ መሆን የነበረባቸው ቀይ የደም ሕዋሳት ኦክስጅን ሲያንሳቸው እንደ ማጭድ ይጎብጣሉ፤ ይጠጥራሉ፤ ቀጫጭን የደም ሥሮችንም ይዘጋሉ። ተከትሎ የሚመጣው ከባድ ሕመም፣ የደም ማነስ፣ የአካል ክፍሎች ጉዳትና ያለ ዕድሜ መቀጠፍ ነው። እአአ በ2021 በመላው ዓለም ይህን ሕመም ይዘው የተወለዱ ሕፃናት ከ500 ሺህ በላይ እንደሆኑና ከአራቱ ከሦስት በላይ የሚሆኑት ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች እንደተወለዱ ይገመታል።

ለአንዲት ፊደል ስህተት የሚሆን ማረሚያ አሁን አለ። እአአ በኅዳር 2023 ብሪታኒያ፣ በተከታዩ ወር ደግሞ አሜሪካ፣ ካስጀቪ የተሰኘውን ክሪስፐር በተባለው የዘረ መል አርትኦት ዘዴ የተሠራ የመጀመሪያ ሕክምና አጸደቁ። እንደ እውነቱ ከሆነ ሕክምናው የተሳሳተችውን ፊደል አያርማትም። የሚያደርገው ከልደት በኋላ እየጠፋ የሚሄደውን የፅንስ ሄሞግሎቢን ዳግም እንዲመረት መፍቀድ ነው። ለዚህም ማምረቻውን የሚያግደውን ዘረ መል ያዳክማል።

ብልሃቱ ያማረ ቢሆንም መንገዱ ረጅም ነው። በመቅኔ ውስጥ የሚገኙት ደም አምራች እናት ሕዋሳት ከታማሚው ተወስደው ወደ ልዩ ማዕከል ይላካሉ፤ እዚያ ይታረማሉ። ታማሚው መቅኔውን ባዶ የሚያደርግ ብርቱ ኬሞቴራፒ ይወስዳል፤ ከዚያም የታረሙት ሕዋሳት ይመለሱለታል። ሆስፒታል ውስጥ ለሳምንታት መቆየት የግድ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተተመነለት ዋጋ ለአንድ ሰው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ይህ ዋጋ ሕመሙ በብዛት ላለባቸው አገሮች ምን ያህል የራቀ እንደሆነ ለማስላት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻም።

በዚህ ምክንያት የብዙ ተመራማሪዎች ዓይን ሌላ መንገድ ላይ አርፏል። ሕዋሳቱን ከሰውነት ከማውጣት ይልቅ ማረሚያውን በመርፌ ወደ ሰውነት ማስገባት ይሻላል ይላሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋምና የጌትስ ፋውንዴሽን እአአ በ2019 ለሲክል ሴልና ለኤችአይቪ አፍሪካን ጨምሮ ሀብት ባነሰባቸው አገሮች ሊዳረስ የሚችል ሕክምና ለማግኘት በጋራ ቢያንስ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመድቡ ሲያስታውቁ ዒላማቸው ይኸው ነበር። ነገር ግን ማረሚያው አንዴ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ማን ያዝዘዋል? የት እንዲሠራ፣ መቼ እንዲያቆምስ ማን ይነግረዋል? ብርሃንና ናኖ ቅንጣቶች ወደ ታሪኩ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው።

ጠባቂ የሌለው መቀስ

ክሪስፐር ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይሠራል። አንደኛው ካስ9 የተባለው፣ እንደ መቀስ የሚቆርጠው ፕሮቲን ነው። ሁለተኛው ደግሞ መቀሱን የሚመራው አጭር የአርኤንኤ ሰንሰለት ሲሆን የሚቆረጠውን ቦታ አድራሻ የያዘ ነው። ጄኒፈር ዳውድናና ኢማኑኤል ሻርፐንቲዬ አሠራሩን እአአ በ2012 ይፋ አድርገው ከስምንት ዓመት በኋላ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን አግኝተውበታል።

አድራሻው 20 ፊደላት ገደማ ርዝመት አለው። የሰው ልጅ ዘረ መላዊ መጽሐፍ ግን ወደ ሦስት ቢሊዮን የሚጠጉ ፊደላት አሉት፤ ስለዚህ ተቀራራቢ አድራሻዎች አይጠፉበትም። መቀሱ ለረጅም ጊዜ በሥራ ላይ በቆየ ቁጥር ትክክለኛውን ቦታ ቆርጦ ሲጨርስ የሚመሳሰለውንም የመንካት ዕድሉ ይጨምራል። ያላግባብ የተቆረጠው ቦታ ካንሰርን የሚገታ ዘረ መል ሆኖ ቢገኝ መዘዙ ብዙ ነው። በተጨማሪም ለደም ሕዋስ የታሰበ ማረሚያ ጉበት ውስጥ ገብቶ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል።

ይህ አደጋ ለምን በሰው ላይ እንደሚያስፈራና በእጽዋት ላይ እምብዛም እንደማያስጨንቅ ናይሮቢ ራሷ ጥሩ ምሳሌ አላት። የዓለም አቀፉ የሐሩር አካባቢ ግብርና ተቋም ተመራማሪዋ ሊና ትሪፓቲና ባልደረቦቻቸው በከተማዋ ባለው ላብራቶሪያቸው ሙዝን በክሪስፐር ያርማሉ። እአአ በ2019 ያሳተሙት ሥራ ጎንጃ ማንጃያ በተባለ፣ በምሥራቅ አፍሪካ በሚበቅል የሙዝ ዝርያ ላይ የተካሄደ ነው። በዚህ ሙዝ ዘረ መል ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ተሸጉጦ የተኛ ቫይረስ አለ። ዝናብ ሲጠፋና ተክሉ ሲጨነቅ ይነቃል፤ ተክሉንም ያሳምማል። ተመራማሪዎቹ የተኛውን ቫይረስ ባለበት ቆራርጠው አሰናከሉት። ከታረሙት ተክሎች ውስጥ 75 በመቶው ውኃ ሲነፈጋቸውም የሕመሙ ምልክት አልታየባቸውም።

ከችግኞቹ መካከል መቀሱ ያለቦታው የቆረጠው ቢገኝ ይነቀልና ይጣላል። ከብዙ ችግኝ መካከል ያማረው ተመርጦ ይባዛል። በሕፃን ሰውነት ውስጥ ግን የሚነቀልና የሚጣል የለም። ማረሚያው አንዴ ከተሳሳተ ስህተቱ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። ስለዚህ መቀሱ የሚበራና የሚጠፋ ቁልፍ ቢኖረው የሚለው ሐሳብ መጣ።

በብርሃን የሚከፈት ቁልፍ

ብርሃን ለቁልፍነት የሚመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። በፈለጉት ቅጽበት ሊበራና ሊጠፋ ይችላል፤ ጨረሩንም እንደ ጠባብ ቀዳዳ አጥብቦ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ማሳረፍ ይቻላል። ተውጦ ወይም ተወግቶ ደም ውስጥ የሚሰራጭ መድኃኒት እነዚህ ሁለት ባሕርያት የሉትም።

እአአ በ2015 በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የሞሪቶሺ ሳቶ ቡድን መቀሱን ለሁለት ከፈለው። እያንዳንዱ ግማሽ ብቻውን አይቆርጥም። ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍባቸው ሁለቱ ግማሾች እንደ ማግኔት ይሳሳባሉ፤ ጨለማ ሲሆን ይለያያሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ አሜሪካ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የቴክጂፕ ሃ ቡድን ሌላ መላ ዘየደ። መሪው አርኤንኤ በብርሃን የሚለቅ መሸፈኛ እንዲደረግለት ሆነ። መቀሱ አድራሻውን አግኝቶ ይቀመጣል፤ ነገር ግን አይቆርጥም። ብርሃን ሲነካው መሸፈኛው ይለቃል፤ በሰከንዶች ውስጥም ይቆርጣል።

ሁለቱም ዘዴዎች በላብራቶሪ ሳህን ውስጥ ግሩም ናቸው። ችግሩ ሰማያዊም ሆነ ለዓይን የማይታየው የአልትራቫዮሌት ብርሃን ከቆዳ ሥር ብዙም የማይዘልቁ መሆናቸው ነው። ይህን ለመረዳት ሌሊት የእጅ ባትሪ አብርቶ በመዳፍ መሸፈን ይበቃል። በጣቶች መካከል አልፎ የሚታየው ቀይ ብርሃን ብቻ ነው፤ ሰማያዊውን ሥጋና ደም ውጠው አስቀርተውታል። ከቀይ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ደግሞ ከቀዩም በላይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ነገር ግን ጉልበቱ ደካማ ነው። የመቀሱን ማሰሪያ ለመፍታት የሚያስፈልገው ኃይል የለውም።

ጠልቆ የሚገባው ብርሃን አቅም የለውም፤ አቅም ያለው ደግሞ ጠልቆ አይገባም። ናኖ ቅንጣቶች የሚሸመግሉት እነዚህን ሁለቱን ነው።

ናኖ ቅንጣት ሲባል በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ በአሥር ሺዎች ሊደረደር የሚችል ቅንጣት ማለት ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 80 ሺህ ናኖ ሜትር ሲጠጋ እነዚህ ቅንጣቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ናኖ ሜትር አይበልጡም። ከመካከላቸው ይተርቢየምና ቱሊየም የተባሉ ብርቅ ማዕድናት የተቀላቀሉባቸው ዓይነቶች አስገራሚ ጠባይ አላቸው። ደካማ የኢንፍራሬድ ጨረር ደጋግመው ይቀበሉና አጠራቅመው ጉልበት ያለው አልትራቫዮሌት ወይም ሰማያዊ ብርሃን አድርገው ይተፉታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ብዙ ደካማ ጨረሮች ተባብረው የአንድ ብርቱ ጨረር ሥራ ይሠራሉ።

የቻይና ተመራማሪዎች እአአ በ2019 ሳይንስ አድቫንስስ በተባለው መጽሔት ላይ ያቀረቡት ሥራ በዚህ ጠባይ የተጠቀመ ነው። መቀሱን በአልትራቫዮሌት ብርሃን በሚበጠስ ኬሚካላዊ ማሰሪያ ቅንጣቶቹ ላይ አሰሩት። ታስሮ ሳለ ወደ ሕዋሱ እምብርት መግባት ያዳግተዋል። ቅንጣቶቹ የካንሰር ዕጢ ወዳለባቸው አይጦች ከተወሰዱ በኋላ ከውጭ የኢንፍራሬድ ጨረር በራባቸው። ቅንጣቶቹ ጨረሩን ወደ አልትራቫዮሌት ለወጡት፤ ማሰሪያው ተበጠሰ፤ መቀሱም ካንሰሩ ለመባዛት የሚጠቀምበትን ዘረ መል ቆረጠ። የዕጢው ዕድገት ተገታ።

ሌሎች ቡድኖች ወርቅን መርጠዋል። ቅርጻቸው እንደ በትር የሆኑ የወርቅ ናኖ ቅንጣቶች ኢንፍራሬድን ወደ ሙቀት ይለውጣሉ። እአአ በ2020 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ በታተመ የቻይናውያን ጥናት መቀሱ ራሱ ገና አልተሠራም፤ የሚገባው መሥሪያ መመሪያው ነው። መመሪያውም የሚነበበው ሕዋሱ ሲሞቅ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ተዘጋጅቷል። ጨረሩ ወርቁን ያሞቃል፤ ሙቀቱ መመሪያውን ይከፍታል፤ ሕዋሱ መቀሱን ይሠራል። ጨረሩ ሲነሳ ሕዋሱ ይቀዘቅዛል፤ ምርቱም ይቆማል።

በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም። ማሰሪያው የሚበጠሰው አንዴ ብቻ ነው፤ የተፈታ መቀስ ተመልሶ አይታሰርም። የወርቁ ዘዴ ግን በእርግጥም ቁልፍ ይመስላል፤ ይከፈታል፤ ይዘጋል። በሁለቱም ቢሆን የተቆረጠ ዘረ መል እንደተቆረጠ ይቀራል።

ያልተጠየቀው ጥያቄ፦ በማን ቆዳ ላይ?

እንዲህ ያሉ ሙከራዎች የሚካሄዱት በአብዛኛው ቆዳቸው ስስና ገርጣ በሆነ የላብራቶሪ አይጦች ላይ ነው። የናይሮቢ ወይም የኪሱሙ ነዋሪ ቆዳ እንዲህ አይደለም። ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን ብርሃንን ይውጣል። ከሚታየው ብርሃን ይልቅ ኢንፍራሬድን በጥቂቱ ቢውጥም ጨርሶ አይተወውም። በዚህም የተነሳ በነጭ አይጥ ላይ የተለካ የጨረር መጠን በጥቁር ቆዳ ላይ ሲበራ ወደ ውስጥ የሚደርሰው ሊያንስ፣ ቆዳውን የሚያሞቀው ደግሞ ሊበዛ ይችላል።

ይህ ከንቱ ሥጋት እንዳልሆነ የሚያስረዳ የቅርብ ጊዜ ታሪክ አለ። ጣት ላይ ተቆንጥጦ የደም ኦክስጅንን የሚለካው መሣሪያ የሚሠራው በቀይና በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። በኮቪድ ወረርሽኝ መካከል፣ እአአ በታኅሣሥ 2020፣ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ላይ የወጣ ጥናት መሣሪያው ሳያያቸው የሚያልፍ የኦክስጅን እጥረቶች በጥቁር ታማሚዎች ላይ ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚበዙ አሳየ። መሣሪያው በመላው ዓለም ሆስፒታሎች ለዐሥርተ ዓመታት ሲያገለግል ቆይቷል። ዘረ መል የሚቆርጥ መሣሪያ ላይ ተመሳሳይ ጉድለት ቢገኝ መዘዙ የከፋ ይሆናል።

በሙቀት ስለሚከፈተው ቁልፍም መጠየቅ ተገቢ ነው። ሕዋሳት ለሙቀት የሚሰጡት ምላሽ በተለይ የሚጎላው ወደ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃረብ ነው። በወባ የታመመ ሕፃን ትኩሳት 40 ዲግሪን ሲያልፍ ማየት በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ላሉ እናቶች እንግዳ ነገር አይደለም። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። ቁልፉን ሐኪሙ ሳይሆን ትኩሳቱ እንዳይከፍተው ማረጋገጥ የሚቻለው ወባ ያለበትን አገር ግምት ውስጥ ባስገባ ሙከራ ነው።

ናይሮቢ ከምድር ወገብ ትንሽ ዝቅ ብላ የምትገኝ ከተማ እንደመሆኗ የፀሐይዋ ነገርም ይነሳል። የፀሐይ ብርሃን ኢንፍራሬድ አለበት። በዚህ በኩል እንኳ ሥጋቱ ቀለል ያለ ነው፤ ብርሃን የሚያጠራቅሙት ቅንጣቶች በቂ ምላሽ የሚሰጡት ጨረሩ እንደ ሌዘር ተጠናክሮ ሲመጣ ነው። ተበታትኖ የሚደርስ የፀሐይ ብርሃን እምብዛም አይቀሰቅሳቸውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የቅንጣቶቹ ዕጣ አለ። ወርቅም ሆነ ብርቅ ማዕድን ሰውነት ውስጥ ቀልጦ የሚጠፋ አይደለም። አብዛኛው በጉበትና በጣፊያ ይጠራቀማል። ሲክል ሴል ያለባቸው ሕፃናት ጣፊያ ደግሞ ገና በለጋነታቸው በሕመሙ የሚጎዳ አካል ነው።

መቅኔ ሩቅ ነው

ለሲክል ሴል ታማሚዎች መታረም ያለባቸው ሕዋሳት የሚኖሩት በአጥንት ውስጥ ነው። ከውጭ የበራ ጨረር ቆዳን፣ ጡንቻንና አጥንትን አልፎ በየአካሉ የተበተነውን መቅኔ እንዲያዳርስ መጠበቅ ከእውነታው ይርቃል። ብርሃን በመጀመሪያ ሊጠቅም የሚችለው በሚደርስበት ቦታ ነው፦ ዓይን፣ ቆዳ፣ እንዲሁም ቀጭን የብርሃን ማስተላለፊያ ክር ሊገባባቸው የሚችሉ ዕጢዎች። ክሪስፐር በሰው አካል ውስጥ በቀጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረውም፣ ያለ ብርሃን ቁልፍ ቢሆንም፣ እአአ በ2020 በአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት በዘር በሚወረስ ዓይነ ስውርነት ታማሚ ዓይን ላይ ነበር።

ለደም ሕመሞች የብርሃን ቁልፍ ይበልጥ የሚሆነው ሕዋሳቱ ከሰውነት ወጥተው ሳህን ላይ ሲሆኑ ነው። እዚያ ቆዳም ሜላኒንም አይጋርዱትም። መቀሱ ለደቂቃዎች ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ያላግባብ የሚቆረጠው ቢቀንስ የሕክምናው ደኅንነት ይጨምራል። ኬሞቴራፒውና ወጪው ግን ባሉበት ይቀራሉ።

ሕጉ ምን ይላል?

ኬንያ በዚህ ረገድ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ቀድማለች። ከ2012 ጀምሮ ዘረ መላቸው የተለወጡ ምርቶችን አግዳ የቆየች ቢሆንም፣ ብሔራዊ የሥነ ሕይወት ደኅንነት ባለሥልጣኗ እአአ በ2022 ለዘረ መል አርትኦት የተለየ መመሪያ አወጣ። ናይጄሪያን ተከትላ ነው። መመሪያው እያንዳንዱን ምርት በተናጠል ይመዝናል፤ የሌላ ፍጡር ዘረ መል ያልገባበት ምርት ከጥብቁ ሕግ ነፃ ሊሆን የሚችልበትን መንገድም ይከፍታል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር እገዳው እንዲነሳ መንግሥት ሲወስን ጉዳዩ ወዲያው ወደ ፍርድ ቤት አመራ፤ ክርክሩም ለዓመታት ዘልቋል።

ይህ ሁሉ የተነደፈው ሰብልን፣ እንስሳትንና ጥቃቅን ተሕዋስያንን በማሰብ ነው። የሰው መድኃኒት የሚመዘነው በሌላ መሥሪያ ቤት፣ በኬንያ የመድኃኒትና የመርዝ ቦርድ ነው። በብርሃን የሚታዘዝ ዘረ መል አራሚ አንድ ቀን ለፈቃድ ቢቀርብ መድኃኒት ነው፤ የዘረ መል ሕክምና ነው፤ ሌዘር ስላለው የሕክምና መሣሪያም ነው። ሦስቱን በአንድነት መመርመር የሚችል ባለሙያ ማፍራት ከላብራቶሪው ሥራ ባልተናነሰ ጊዜ ይወስዳል።

ስለ ጊዜ ከተነሳ ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለው እንክብል ሊጠቀስ ይገባል። የፅንስ ሄሞግሎቢንን ከፍ የሚያደርግ፣ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ሲሆን አሜሪካ ለአዋቂ የሲክል ሴል ታማሚዎች ያጸደቀችው እአአ በ1998 ነው። ወባ ባለባቸው የአፍሪካ አገሮች ላሉ ሕፃናት ይስማማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ጥያቄ ለሁለት ዐሥርተ ዓመታት ያህል አጥጋቢ መልስ አላገኘም ነበር። መልሱ የመጣው የኬንያዋን ኪሊፊ ጨምሮ በአንጎላ፣ በዴሞክራቲክ ኮንጎና በዩጋንዳ 606 ሕፃናት መድኃኒቱን ወስደው ክትትል ከተደረገላቸው በኋላ ነው። በ2018 መጨረሻ ይፋ የሆነው ውጤት እንዳሳየው ሕመሙ፣ ደም መለገስ የሚያስፈልግባቸው ጊዜያትና ሞት ቀንሰዋል፤ ያስፈራ የነበረው ወባም እንኳ ቀነሰ እንጂ አልጨመረም።